ሀዋኒ የማን ተማሪ ናት

መምህርት ዙቤዳን ቀናሽ ቢሏት ትስቅ ነበር። «እኔ? በዚያች በትናንት ልጅ?» ብላ ሻሿን ታስተካክልና ወሬ ትቀይራለች። ነገር ግን በዚያ ዓመት በሮቤ ከተማ ከእሷ የበለጠ የቀና ሰው ከነበረ፣ እሱ ተደብቆ ነው የቀናው። የእሷን ቅናት ከግቢው ዘበኛ ጀምሮ እስከ ርዕሰ መምህሩ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ያላወቀችው ራሷ ብቻ ነበረች።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ዳር ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ የሲናና ወረዳ የስንዴ ማሳ ይጀምራል። ዙቤዳ እዚያ ስትቀጠር ገና ልጃገረድ ነበረች። አሁን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን የሚይዛት ሴት ሆናለች፤ የምታስተምረው ግን ያንኑ አንደኛ ክፍልን ነው። ሌሎች መምህራን ወደ ላይኛው ክፍል ለመሻገር አማላጅ ሲልኩ እሷ ንቅንቅ አልልም አለች። ስምንተኛ ክፍል ያስተማረን መምህር ማንም አያስታውሰውም፤ ማንበብ ያስተማረችን ሴት ግን የሚረሳ የለም። ገበያ ስትወጣ ባጃጅ ነጂው ያቆምና «ቲቸር፣ አወቁኝ?» ይላታል። ባንክ ስትገባ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ተነስታ ትስማታለች። እሷም ያላወቀችውን ሁሉ «ምነው ጠፋህብኝ» ትለዋለች። ደመወዝ በሚዘገይበት ወር እንኳ ይህ ሰላምታ ያኖራት ነበር።

በክፍሏ ውስጥ አንድ ልማድ ነበራት። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ገጽ ሳይደናቀፍ ካነበበ፣ ደወል እስኪደወል ድረስ የእሷ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ቆማ ታስተምራለች። እናቶች ይህን ያውቃሉ። «ልጄ ወንበር ላይ ወጣ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ይመጣል።

ያ ሁሉ ድርቁ ሳይመጣ ነው። ዝናቡ ተከታትሎ ቀረና ከጊኒር ወዲያ ካለው ቆላ ከብቱን የጨረሰ ሰው ወደ ደጋው ወጣ። ልጆቹም አብረው መጡ። ሦስት ይቀመጡበት የነበረ ዴስክ አምስት ተቀመጡበት፤ የዙቤዳ ክፍል ከሰማንያ ልጅ በላይ ሆነ። ከአዲሶቹ አንዷ ሀዋኒ ነበረች። አባቷ ጉዲና አንድ ጊዜ የብዙ ከብት ጌታ የነበረ፣ አሁን ገበያ ውስጥ የስንዴ ጆንያ የሚሸከም ቀጭን ሰው ነው። ልጅቷ አሥር ዓመት አልፏታል። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስትቀመጥ ጉልበቷ ዴስኩ ስር አይገባላትም፤ ትንንሾቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ያሾፉባታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ዙቤዳ ሞክራለች። ሐቁን እንናገር ከተባለ ግን ብዙ አልሞከረችም፤ ሰማንያ ልጅ የያዘች ሴት ዝም ባለችው ላይ ስንት ጊዜ ትቆማለች? እያለፈቻት ሄደች።

በሚቀጥለው መስከረም አንድ ድርጅት መጣና በግቢው ውስጥ አዲስ ክፍል ከፈተ። ከትምህርት ገበታ ውጪ ለቆዩ ልጆች ነው ተባለ። የሦስት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት ይጨርሱና ፈተናውን ካለፉ አራተኛ ክፍል ይገባሉ። ሠላሳ ልጅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ መስፈርቱም አንድ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ክፍሉ የተሰጠው በፊት ዕቃ ቤት የነበረው፣ ከዙቤዳ ክፍል በቺፑድ ብቻ የተከፈለው ነው። ግድግዳው ቢጫ ተቀባ። ምንጣፍ ተነጠፈ። ባለቀለም ካርድ፣ መቀስ፣ ኳስ፣ የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር ገባ። ዙቤዳ ጠመኔ አልቆባት ስባሪውን በጥፍሯ ጫፍ ይዛ ስትጽፍ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ልጆች በመቀስ ቀይ ወረቀት ይቆርጡ ነበር።

የባሰው አስተማሪዋ ናት። ኢፍቱ ትባላለች፤ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ብዙም ያልቆየች፣ ጎባ ሆቴል ውስጥ አጭር ሥልጠና ወስዳ የመጣች ልጅ። ድርጅቱ «አመቻች» ነው የሚላት። ዙቤዳ ይህን ስም በጣም ወደደችው፤ ማንም ሳይጠይቃት «መምህርት እኮ አይደለችም፣ አመቻች ናት» ትል ነበር። ያላለችው ደግሞ አለ። ኢፍቱም በአንደኛ ክፍል የእሷ ተማሪ ነበረች፤ ያ ወንበር ላይ ወጥታለች። ኢፍቱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ሥልጠናው እንጂ ስለ ዙቤዳ አንድም ቀን አላነሳችም።

ባሏ ዓብዱልፈታሕ የእህል ነጋዴ ነው፤ ነገር ማቅለል ይወዳል። ድሮ ማታ ማታ ስለ ልጆች ነበር የምትነግሪኝ፣ አሁን ስለ ምንጣፍ ሆነ ብሎ አሾፈባት። ምንጣፉ ካማረሽ ሱቅ አለ አላት። እሷ ግን ምንጣፉ አልነበረም ያንገበገባት። እሷ ልጆቹን ከፊደል ጋር ስታታግል የኖረችባቸውን ዓመታት አንዲት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ታልፋቸዋለች። ለዚህ ደግሞ ያጨበጭቡላታል። «ሠላሳ ልጅ ስጡኝና ማንም ምንም አይርዳኝ!» አለችው። እዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ ይህን የሚክድ ሰማንያ ልጅ ይዞ ይሞክር።

ጥቅምት ላይ ነው ሀዋኒን ከቺፑዱ ወዲያ ያየቻት። ልጅቷ ዙቤዳን ስታይ በሩ ኋላ ተሸሸገች። ዙቤዳ በማግስቱ ጉዲናን ግቢው በር ላይ ያዘችው። ሰውየው አልዋሸም። አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራት፤ ከክፍሏ ያስወጣት እሱ ነው። ፊደል ቢያሳዩሽ አላውቅም በይ፣ ተምረሽ ታውቂያለሽ ቢሉሽ በጭራሽ በይ ብሎ ያስጠናትም እሱ ነው።

«አዴ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ ጋ ሆና አራተኛ ክፍል እስክትደርስ ለባል ትደርሳለች። ያን ጊዜ የሚጠይቀኝን ሰው ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?»

ዙቤዳ ለማንም አልናገርም አለችው። አልተናገረችምም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን ዝም ያለችው ለልጅቷ አዝና ብቻ አልነበረም። ተማሪዋ ጥላት ሄዳ ከዚያች የትናንት ልጅ ዘንድ መቀመጧን ማውራት ለእሷ ምን ክብር አለው?

ከዚያ ጥር አካባቢ አንድ ቀን ጠዋት ከቺፑዱ ወዲያ የማታውቀው ድምፅ መጣ። ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ የሴት ልጅ ድምፅ። አንዷ እያነበበች ነው። ዙቤዳ ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ጥሩ አንባቢ መሆኗን ወዲያው አወቀች፤ ጆሮዋ በዚህ አይሳሳትም። ከዚያ ኢፍቱ «ጎበዝ ሀዋኒ» ስትል ሰማች፤ ጭብጨባው ተከተለ። አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷ ተቀምጣ ያልተሰማ ድምፅ! እሷ ጋ ዲዳ፣ እዚያ ምላስ! ወደ ልጆቿ ዞራ «ዝፈኑ» አለች። ሰማንያው ልጅ የፊደሉን ዜማ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ዘፈነ፤ የወዲያኛው ድምፅ ተዋጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀዋኒ ማንበብ ስትጀምር የዙቤዳ ክፍል መዝፈን ይጀምራል። ኢፍቱ በትሕትና መጥታ ትንሽ ቀስ ቢሉልን ብላ ለመነች። ዙቤዳም ልጆች ሲማሩ ድምፅ አላቸው፣ ይህን ሥልጠናው ላይ አልነገሩሽም? ብላ መለሰቻት። ኢፍቱ ፊቷ ቀልቶ ሄደች፤ ዙቤዳም ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ።

መጋቢት ላይ ከድርጅቱ አንድ ኃላፊ መጣ፤ ፍቅረየሱስ የሚባል ቁጥብ፣ ማስታወሻውን ከእጁ የማይለይ ሰው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች አጅበውታል። ርዕሰ መምህሩ ተሰማ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ ናት ብሎ ዙቤዳንም ጠራት፤ እሷም ጥሩ ልብሷን ለብሳ ቢጫው ክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ ቆመች። እንግዳው ልጆቹ የሸመደዱትን እንዳያነቡለት የራሱን ወረቀት ከቦርሳው አወጣና ከሁሉ ረጅሟን ጠራ። ሀዋኒ ተነሳች። አይታው የማታውቀውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች፣ ለነጠላ ሰረዙ እንኳ ቆም እያለች አነበበችው። አንዱ እንግዳ «ማሻ አላህ» አለ። ፍቅረየሱስ ፈገግ ብሎ ይህች ልጅ ከስድስት ወር በፊት ፊደል አታውቅም ነበር ማለት ነው? ሲል ኢፍቱን ጠየቃት። ኢፍቱም አዎ አለችና ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ካርዶቹ፣ ስለ ቡድን ሥራው አስረዳች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረው አዳመጧት። ወደ ዙቤዳ የዞረ አንድም ሰው አልነበረም።

«ይህችን ልጅ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ» አለች ዙቤዳ። «የእኔ ተማሪ ናት።»

ልታጋልጣት አልነበረም። ከዚያ ጭብጨባ ትንሽ እንዲደርሳት ብቻ ነበር የፈለገችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ፍቅረየሱስ እስክሪብቶውን አቆመ። ትምህርት ቤት ገብታ ታውቃለች ማለት ነው? አለ በዝግታ። ኢፍቱ በዓይኗ ለመነቻት። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፤ መውጫ ሰጣት።

«ምናልባት ከሌላ ልጅ ጋር ተምታቶብዎ ይሆን? ብዙ ልጆች ነው ያስተማሩት።»

አዎ ተምታቶብኛል ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። ዙቤዳ ሀዋኒን አየች፤ ሀዋኒ ግን እሷን አላየችም፤ የኢፍቱን ቀሚስ ጫፍ ይዛለች። ያን ያየ ዓይኗ ነው የመለሰላት።

«የእጄን ልጅ አልስትም» አለች።

ፍቅረየሱስ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። በሌላ ከተማ ወላጆች ልጆቻቸውን እያስወጡ ወደ ፈጣኑ ክፍል በማምጣታቸው አንድ አንደኛ ክፍል እንዳለ ባዶ መቅረቱን ተናገረ። ይህ ወንበር በሕይወቱ ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ልጅ ነው፤ ለአንዷ ብንለቅ ነገ ለሁሉም ነው አለ። ሐሰት አልነበረበትም። ሀዋኒ ወደነበረችበት ትመለስ ተባለ። ወደነበረችበት ማለት ደግሞ ወደ ዙቤዳ ነው፤ አንደኛ ክፍልን ሳታልፍ የወጣች ልጅ ሁለተኛ ክፍል የምትገባበት ደንብ የለም።

እንግዲህ ዙቤዳ አፍራለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ማታ ላይ ትንሽ አፍራለች። ጠዋት ሀዋኒ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ግን ደስ አላት፤ እንደ ተመለሰ ዕቃ ነበር የተቀበለቻት። ከፊት ቦታ አስለቅቃ አስቀመጠቻት። አሁን እኔ ጋ ታነባለች፣ ሁሉም ይሰማል፣ ያ ቺፑድ ደግሞ ወደዚያም ድምፅ ያሳልፋል ብላ አሰበች። መጽሐፉን ገልጣ ሰጠቻት።

«አላውቅም፣ ቲቸር» አለች ሀዋኒ።

በማግስቱም አላውቅም አለች። በሳምንቱም። ዙቤዳ ቀለል ያለ ገጽ ገለጠችላት፤ ቀጥሎ ነጠላ ፊደል አሳየቻት። አላውቅም። የራሷን ወንበር ስባ ነይ ተቀመጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ አለቻት፤ ይህን ለማንም አድርጋ አታውቅም። ልጅቷ ወንበሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ትንንሾቹ ሳቁ። ዙቤዳ ወገቧን ይዛ ቀረች።

እልህ ነው አለች በሆዷ። ከዚያ ደግሞ ያቺ አመቻች ናት የመከረቻት አለች፤ ይህኛው ሐሳብ በጣም ተስማማት። በእረፍት ሰዓት ሀዋኒ ብቻዋን ሄዳ ቢጫው ክፍል ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ታያታለች፤ በእያንዳንዱ ቀን ያ ግድግዳ ያስቀናት ጀመር። በግድግዳ የሚቀና ሰው አለ? አለ። አንድ ቀን ሄዳ ኢፍቱን አፋጠጠቻት። ኢፍቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከሀዋኒ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልተነጋገረች በአላህ ማለች፤ አውቀሽ ነው ያስገባሻት ተብላ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ሌላ ስህተት ከተገኘባት ሥራዋን ታጣለች። በመንገድ እንኳ ሳያት ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ አለች። ዙቤዳ ይህን አላወቀችም ነበር።

በዚያው ቀን ሀዋኒን ከእረፍት አስቀረቻት። መጽሐፉን ፊቷ ዘረጋችና አንብቢ ሳትላት ጎን ለጎን ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀቻትም። ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ዓይን መስመሩን ይዞ ሄደ፤ መስመሩ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ከንፈሯም በጣም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ይህን ስንት መቶ ልጅ ላይ ያየችው ሴት ናት።

«ታነቢያለሽ» አለቻት ዙቤዳ። «ዓይንሽ ሲሄድ አየሁት።»

ሀዋኒ በመዳፏ ገጹን ሸፈነችው።

«ቲቸር፣ ለማንም አይንገሩብኝ» አለች። «አላውቅም ስል አስገቡኝ። ሳነብ አስወጡኝ። እዚህም ካነበብኩ ያስወጡኛል፤ ከዚህ ከወጣሁ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት የለም፤ አባቴ ይድረኛል።»

ዙቤዳ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆች ማንበብ ሲያቅታቸው አይታለች፤ ማንበቧን እንደ ስርቆት የምትደብቅ ልጅ ግን አይታ አታውቅም። ወላሂ ማንም አያስወጣሽም አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም፤ እምነት ብቻ ነው ያልነበረበት። ያስወጣት አፍ ይኸው ፊቷ ተቀምጦ ይምላል፤ እንዴት ትመነው?

ዙቤዳ ተነስታ ወጣች። የሄደችው ወደ ቢጫው ክፍል ነው። ኢፍቱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ካርድ ትለቅም ነበር፤ ዙቤዳን ስታይ ደንግጣ ቆመች። ዙቤዳም ነይልኝ አለቻት። የሚጠይቅሽ ካለ እኔ ነኝ የጠራኋት እላለሁ፤ እኔን አታምነኝም፣ አንቺን ታምንሻለች አለቻት።

ኢፍቱ መጣች። ሀዋኒ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት። ዙቤዳ አልሰማችውም፤ አልጠየቀችምም። ሀዋኒ መዳፏን ከገጹ ላይ አነሳችና ማንበብ ጀመረች፤ ያው ጎርናና፣ የማይቸኩል ድምፅ። ገጹን ስትጨርስ ቀና አለች፤ ያየችው ኢፍቱን ነው።

ከዚያ ሦስቱም ወደ ርዕሰ መምህር ተሰማ ቢሮ ሄዱ። ዙቤዳ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የፈጣኑ ክፍል ልጆች ለአራተኛ ክፍል ሲፈተኑ ሀዋኒም አብራ ትፈተን አለችው። ተሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ከአንደኛ ወደ አራተኛ መዝለል በእሱ ትምህርት ቤት ሆኖ አያውቅም። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ያስተማረቻትን ልጅ በሌላ መንገድ ላሳልፋት ብል ጽሕፈት ቤቱ ምን ይለኛል አለ። እርስዎ ራስዎ በእንግዳው ፊት የእኔ ተማሪ ናት ብለዋል፤ ሁሉም ሰምቷል አላት።

«ብያለሁ» አለች ዙቤዳ።

ሀዋኒ በሩ አጠገብ ቆማለች። እጇ ኢፍቱ እጅ ውስጥ ነው።

«አቶ ተሰማ፣ ጽሕፈት ቤቱም ይምጣ፣ ያ ሰውዬም ይምጣ፣ በእነሱ ፊት እናገራለሁ። ይህች ልጅ አንድ ዓመት ክፍሌ ተቀምጣለች። ያስተማርኳት ግን አንድ ፊደል የለም። ክፍል ገባች እንጂ አልተማረችም። ያስተማረቻት ይህች ናት።»

ኢፍቱን ሳታያት በጣቷ ጠቆመቻት። ተሰማ ከወረቀቱ ቀና አለ። ዙቤዳ እንዲህ ስትል የሚሰማ ሰው ሮቤ ውስጥ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም ነበር። ከዚያ ትፈተን አለ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለ።

ሲወጡ ሀዋኒ ከኢፍቱ ጋር ፊት ፊት ሄደች። መራመድ አይደለም፣ መሮጥ ነበር የዳዳት፤ የሆነ ነገር እየነገረቻት ትስቃለች። ያች ልጅ ስትስቅ ዙቤዳ ያየችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ኋላ ቀርታ ጉልበቷን እያሻሸች አየቻቸው። የተናገረችው እውነት ነበር፤ ቢደገም ደግማ ትናገረዋለች። እንዲህም ሆኖ ሀዋኒ ስለያዘችው የኢፍቱ እጅ አንጀቷ እያረረ ወደ ሰማንያዎቹ ልጆች ተመለሰች።